የቮልስዋገን ሞተር ሲታደስ፦ የሚጣለው፣ የሚታረመውና የሚቀረው

በአየር የሚቀዘቅዝ አሮጌ የቮልስዋገን ሞተር ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ አንድ ውሳኔ ይጠበቃል፦ ታጥቦ እንዳለ ይመለስ፣ በማሽን ታርሞ ይመለስ፣ ወይስ ተጥሎ በአዲስ ይተካ? የእድሳቱ ወጪም ሆነ የሞተሩ ቀሪ ዕድሜ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው አሠራር ፒስተንና ሲሊንደርን በሙሉ ስብስብ ገዝቶ የቀረውን በዓይን አይቶ መግጠም ነው። እንዲህ የታደሰ ሞተር መጀመሪያ ላይ ጉልበቱ ጥሩ ይሆንና ብዙ ሳይቆይ የዘይት መብራቱ መብለጭለጭ ይጀምራል። በዚህ ሞተር ላይ ቶሎ የሚያልቀው ዕቃ ሌላ፣ ዕድሜውን የሚወስነው ዕቃ ሌላ ነውና።

ሞተሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ በፈርዲናንድ ፖርሼ ቢሮ ውስጥ በፍራንዝ ክሳቨር ራይምሽፒስ የተነደፈ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል፤ ውሃም ራዲያተርም የለውም፤ ሙቀቱን የሚያወጡለት በማራገቢያ የሚገፋው አየርና በውስጡ የሚዞረው ዘይት ናቸው። መጠኑ ከጦርነቱ በኋላ ከነበረው 1,131 ሲሲ ተነሥቶ ወደ 1,192፣ 1,285፣ 1,493፣ በመጨረሻም ወደ 1,584 ሲሲ አድጓል። ዕቃ ለሚገዛ ሰው አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። 1,192 ሲሲ የሚባሉት ሁለት የተለያዩ ሞተሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1960 የወጣው ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ከቀደመው ባለ 36 ፈረስ ጉልበት ጋር በሲሲ እኩል ይሁን እንጂ እንደ አዲስ የተነደፈ ነው፤ የአንዱ ዕቃ በአብዛኛው ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ በሲሲ ብቻ ዕቃ ማዘዝ አያስተማምንም፤ ቀፎው ላይ የተመታው ቁጥር መነበብ አለበት።

ይህን ሞተር የያዘችው የመጨረሻዋ ቮልስዋገን ቢትል እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ ስትወጣ የምርቱ ድምር 21,529,464 ደርሶ ነበር። የሞተሩ መለዋወጫ ዛሬም በገበያ ላይ የሚገኘው በዚህ ብዛት የተነሣ ነው። አዲስ አበባ ቮልስ ዛሬም ከተሽከርካሪ ሰልፍ ያልወጣባት ከተማ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚሁ መኪና መሆኑን ብዙ ሰው ያስታውሳል። በመኪና ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከባድ በሆነበት አገር፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈውን ሞተር በአግባቡ ማደስ የኑሮ ጉዳይ ነው።

ከመፈታቱ በፊት

ሞተሩ ሳይፈታ የሚገኘው መረጃ ከተፈታ በኋላ አይገኝም። የመጀመሪያው ምርመራ የክራንክሻፍቱ የፊትና የኋላ ጨዋታ ነው። ፑሌጃውን ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በመግፋት፣ በዳያል ጌጅ ይለካል። ትክክለኛው ልክ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ0.15 ካለፈ አልቋል። በእጅ ሲገፋ ጎልቶ የሚሰማ ከሆነ አንደኛው ብሮንዚና (ክራንክሻፍቱን የሚሸከመው ቁራጭ) ወይም እሱ የተቀመጠበት የቀፎው ክፍል ተቀጥቅጧል ማለት ነው፤ እድሳቱም ፒስተን በመቀየር ብቻ እንደማይጠናቀቅ ከወዲሁ ይታወቃል።

ሁለተኛው የኮምፕሬሽን ልኬት ነው፤ እዚህ ላይ የደጋ ሰው ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ለ1600 ሞተር ፋብሪካው ያወጣው ልክ ከ8 እስከ 10 ባር ገደማ ሲሆን ከ7 በታች የወረደ ሲሊንደር አልቋል ይባላል። ይህ ቁጥር ግን የወጣው ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ በማይሉ አገሮች ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር በዚያው መጠን ያነሰ ስለሆነ፣ ጂቡቲ ወደብ ላይ 9 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 7 ባር እንኳን ላይሞላ ይችላል። መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይቶ ሞተር መክፈት ጤነኛ ፒስተን ያስጥላል። በከፍታ ቦታ የሚታመነው ማስረጃ የአራቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ነው፤ ሦስቱ 6.8 አካባቢ ሆነው አንዱ 4.5 ቢያሳይ ችግሩ ያለው በዚያ በአንዱ ነው። እዚያው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምሮ ደግሞ መለካት ይበጃል፦ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ባለበት ከቀረ ቫልቩ ነው።

የዘይት ግፊትም ከመፈታቱ በፊት ይለካል። ዘይቱ ሞቆ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ሲዞር ከ2 ባር በታች መውረድ የለበትም። በመጨረሻም የታችኛው የዘይት ወንፊት ወጥቶ ይታያል። ማግኔት የሚስበው ቅንጣት ከካም፣ ከታፔት ወይም ከጥርስ የመጣ ብረት ነው፤ ማግኔት የማይስበው ግራጫ ብልጭታ ከብሮንዚና፣ ከፒስተን ወይም ከቀፎው፣ መዳብ የሚመስለው ደግሞ ከቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር ከሚያያይዘው ዘንግ) ቡሽ የመጣ ነው። ብክለቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የሚገጠም አዲስ ዕቃ አሮጌውን የጨረሰው ምክንያት መልሶ ይጨርሰዋል።

ቀፎው

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ቀፎው ነው፤ በተግባር ግን ከሁሉ ያነሰ ትኩረት የሚያገኘው እሱ ነው። ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ፣ በቁመቱ ለሁለት የሚከፈል ሳጥን ነው። ማግኒዚየም ከአሉሚኒየም በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀልላል፤ ይህ ለመኪናው ክብደት በጎ ነው። ሲሞቅ የሚሰፋው ግን የአረብ ብረትን እጥፍ ያህል ነው። ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ቀፎው ከክራንክሻፍቱ ዙሪያ ይሸሻል፤ ብሮንዚናዎቹን የያዘው መቀመጫ ይላላል፤ ክራንክሻፍቱም በእያንዳንዱ ፍንዳታ መቀመጫውን ይቀጠቅጣል። ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) የያዙት ረጃጅም የብረት ቡሎኖች ደግሞ ቀፎው፣ ሲሊንደሩና ቴስታታው በሙቀት ሲያድጉ እነሱ እኩል ስለማያድጉ፣ ከለስላሳው ማግኒዚየም ውስጥ ጥርሳቸውን ይዘው ለመውጣት ይጎተታሉ።

ስለዚህ ቀፎው ላይ አራት ነገር ይታያል። አንደኛው የዋና ብሮንዚናዎች መቀመጫ ክብነት ነው። ሁለቱ ግማሾች ባዶአቸውን ተገጥመው ስድስቱ ትልልቅ ዳዶዎች በልካቸው፣ ማለትም በ34 ኒውተን ሜትር፣ ከጠበቁ በኋላ ቀዳዳው በየአቅጣጫው ይለካል። ክራንክሻፍቱ ሲሠራ የሚተጣጠፈው መሐሉ ላይ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው የመካከለኛው መቀመጫ ነው። ተቀጥቅጦ ከተገኘ አዲስ ብሮንዚና አያድነውም። መቀመጫዎቹ በሙሉ በአንድ መስመር ላይ በማሽን ይሰፉና ውጫዊ ልካቸው በ0.5 ወይም በ1 ሚሊ ሜትር የወፈሩ ብሮንዚናዎች ይገባሉ። ይህን ሥራ ተራ ቶርኖ ላይ በግምት መሥራት ቀፎውን መግደል ነው፤ ቀዳዳዎቹ ከካምሻፍቱ ቀዳዳ ጋር ያላቸው ርቀትና ትይዩነት መጠበቅ አለበት። ወፍራም ብሮንዚና በማይገኝበት ከተማ ቀፎን ማስፋትም ትርጉም የለውም። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ብሮንዚናውን በእጅ ማስገባት፣ ከዚያ ማሽን ቤት መሄድ ነው።

ሁለተኛው የቴስታታ ቡሎኖች ጥርስ ነው። በቆዩት ቀፎዎች ቡሎኖቹ 10 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ በቀጥታ ማግኒዚየሙ ላይ ተጠምዝዘዋል፤ ፋብሪካው በኋላ ወደ 8 ሚሊ ሜትር አውርዷቸው ቀዳዳውን በብረት እጅጌ አጠናክሮታል። ቀጭኑ ቡሎን በሙቀት ጊዜ ትንሽ ስለሚለጠጥ ቀፎውን አይጎትትም፤ ቀጭን መሆኑ ድክመት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፣ ግን ማሻሻያ ነው። አንድ ቡሎን እንኳን ጥርስ በልቶ ከወጣ አሥራ ስድስቱም ቀዳዳዎች የብረት እጅጌ ቢገባላቸው ይሻላል፤ የቀሩት አሥራ አምስቱም ያንኑ ያህል ዘመን ተጎትተዋልና። የማጥበቂያ ልኩም ይለያያል፦ ለ10 ሚሊ ሜትሩ 31፣ ለ8 ሚሊ ሜትሩ 25 ኒውተን ሜትር ገደማ።

ሦስተኛው ስንጥቅ ነው። ከቮላኖው (ፍላይዊሉ) በስተጀርባ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር አጠገብ ያለው ግድግዳ ለስንጥቅ የታወቀ ነው። በደንብ ታጥቦ በቀለም ምርመራ ይታያል፤ በቀላል የማይጠገን ከሆነ ቀፎው ይጣላል። አራተኛው የዘይት መንገዶቹ ናቸው። ፋብሪካው የዘይቱን ቦዮች በትናንሽ የአሉሚኒየም ውታፎች ደፍኗቸዋል። ውታፎቹ በመሰርሰሪያ ካልወጡ በቦዮቹ ውስጥ የተከማቸው የብረት ዱቄትና የተቃጠለ ዘይት በምንም እጥበት አይወጣም። ውታፎቹ ወጥተው፣ ቦዮቹ ተጠርገው፣ ቀዳዳዎቹ ጥርስ ተቆርጦላቸው በሚፈታ ቡሎን ቢደፈኑ ለሚቀጥለውም እድሳት ይጠቅማል። ያልተጠረገ ቀፎ አዲሱን ብሮንዚና በመጀመሪያው ቀን ይቧጥጠዋል።

ክራንክሻፍትና ቢየላ

የቮልስ ክራንክሻፍት ከፎርጅድ አረብ ብረት የተሠራ ጠንካራ ዕቃ ነው፤ በአግባቡ ዘይት ካገኘ ከአንድ ቀፎ በላይ ይኖራል። ስለዚህ ያለ ልኬት የሚጣል ክራንክሻፍት ሊኖር አይገባም። በማይክሮሜትር በአራት አቅጣጫ ተለክቶ ክብነቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በላይ ካልተዛባ፣ ዳርና ዳሩ ተደግፎ ሲዞር መወዛወዙ ከ0.02 ካላለፈ፣ ጥፍር የሚይዘው ጭረት ከሌለውና በማግኔት ምርመራ ስንጥቅ ካልታየበት ተወልውሎ ይመለሳል። ካልሆነም፣ ስንጥቅ እስከሌለው ድረስ፣ ይሞረዳል፤ ፋብሪካው በ0.25፣ በ0.50 እና በ0.75 ሚሊ ሜትር ለቀነሰ ክራንክሻፍት የሚሆኑ ብሮንዚናዎችን አውጥቷል። ከ0.75 በላይ የተሞረደ ክራንክሻፍት ዕድሜውን ጨርሷል።

አራተኛው መቀመጫ፣ ማለትም በፑሌጃው በኩል ያለው ትንሹ፣ ለብቻው ይታይ። ይህ ሞተር በፑሌጃው በኩል የማተሚያ ጎማ የለውም፤ ዘይቱን የሚመልሱለት ዘይት ወርዋሪ ዲስክና ፑሌጃው አንገት ላይ የተቆረጠው ጥምዝ ቦይ ብቻ ናቸው። አቧራ በበዛበት መንገድ የሚነዳ መኪና በዚህ ክፍተት ደቃቅ አሸዋ ያስገባል። በፒስታ መንገድ የኖረ ሞተር አራተኛው መቀመጫው ተቦርቡሮ ሌሎቹ ጤነኛ ሆነው ቢገኙ አያስደንቅም።

ብሮንዚናዎች፣ የዋናዎቹም የቢየላዎቹም፣ በዓይን ደህና ቢመስሉም ሞተር በተከፈተ ቁጥር ይቀየራሉ። ዋጋቸው ከሚጠብቁት ዕቃ ጋር አይወዳደርም፤ የተቀመጡበትን ቅርጽ ይዘው ስለተጫኑም ከወጡ በኋላ በአዲስ ክራንክሻፍት ላይ አይመለሱም። ቢየላዎቹ ግን አይጣሉም። የትልቁ ዓይናቸው ክብነት ይለካል፣ ቀጥ ማለታቸው ይታያል፣ የትንሹ ዓይን ቡሽ አዲስ ገብቶ የፒስተኑ ፒን በአውራ ጣት ግፊት እንዲያልፍ ሆኖ ይቃኛል፣ ዳዶዎቹ በአዲስ ይለወጣሉ። አራቱ ቢየላዎች በክብደት ከ10 ግራም በላይ መለያየት የለባቸውም። ይህን የሚጠይቀው የቤተ ሙከራ ሚዛን አይደለም፤ ቅመም የሚመዝን ሚዛን ይበቃዋል፤ ሥራው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ቮላኖውን አንድ ቡሎን ብቻ ከክራንክሻፍቱ ጋር ስለሚያያይዘውና ያም በ300 ኒውተን ሜትር ገደማ ስለሚጠብቅ፣ አራቱ ፒኖች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ሞላላ ሆነው እንደሆነ ይታያል። ሞላላ ከሆኑ ወይ ቮላኖው ወይ ክራንክሻፍቱ፣ አንዳንዴ ሁለቱም፣ አዲስ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። በዚያው የዘይት ማተሚያ ጎማው የተቀመጠበት አንገት ላይ ቦይ ከተቆረጠ አዲስ ጎማ ብቻውን ዘይቱን አይዝም፤ ዘይቱ ወርዶ ፍሪሲዮኑን ያበላሻል።

ፒስተንና ሲሊንደር

ይህ ሞተር ከውሃ ሞተሮች ተለይቶ ቀላል የሚሆነው እዚህ ነው። ሲሊንደሮቹ ከቀፎው ተለይተው የቆሙ የብረት ቱቦዎች ስለሆኑ ቀፎ ሳይቦረቦር፣ ሞተሩ እንኳን ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ፣ ይወጣሉ ይገባሉ። ቀላልነቱ ግን ሰውን አሳስቷል፤ ማንኛውም ሕመም በዚህ ዕቃ የሚድን ይመስላል።

አዲስ ሲሊንደርና ፒስተን በመካከላቸው ከ0.04 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ክፍተት አላቸው፤ ከ0.20 ካለፈ ስብስቡ ይቀየራል። የላይኛው ፋሻ ጫፎች ክፍተት ከ0.30 እስከ 0.45 ሲሆን 0.90 ሲደርስ ማብቂያው ነው። ሲሊንደሩ ከልኩ ያልወጣ፣ የፒስተኑ የፋሻ ቦይም ያልሰፋ ከሆነ አሮጌው ሲሊንደር ውስጡ በስሱ ተሸካክሮ አዲስ ፋሻ ብቻ ማስገባት ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ጀርመን ሠራሹ ሲሊንደር በሙቀት ብዙ ዘመን የተፈተነ፣ ቅርጹም የረጋ ስለሆነ፣ ልኩ ውስጥ ያለውን አውጥቶ ምንጩ ባልታወቀ አዲስ መተካት ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው። የማህሌና የኮልበንሽሚት ስም ያለበት ዕቃ ከተገኘ መልካም፤ ያም ቢሆን ሳይለካ አይገጠምም፤ አስመስሎ የተሠራ ማሸጊያ ያለበት ገበያ ነው።

ሲሊንደርን ቦርቡሮ በ0.5 ሚሊ ሜትር የሰፋ ፒስተን ማስገባት ይቻላል፤ ግን ግድግዳው በሳሳ ቁጥር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይወርዳል። በተለይ 85.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን 1600 ሲሊንደር በዚያው ቀዳዳ በሚገባ 87 ሚሊ ሜትር ስብስብ ተክቶ 1,641 ሲሲ ማድረግ እንደ ነፃ ጉልበት ይወራል። ግድግዳው ሳስቶ በሙቀት ሞላላ ይሆናል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ዘይት ይበላል። ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የታሰበ መኪና በፋብሪካው ልክ መቅረት አለበት። 1500 እና 1600 በአንድ ቀፎ ላይ ይለዋወጣሉ፤ የእነዚህን ሲሊንደር ወደ 1300 ቀፎ ለማስገባት ግን ቀፎውም ቴስታታውም በማሽን መስፋት ስላለባቸው ጥቅሙ ከወጪው አይበልጥም።

በከፍታ ቦታ የፒስተንና የሲሊንደር ጠላት ሌላም አለ። አየሩ ሲሳሳ፣ ለባሕር ወለል የተቃኘ ካርቡራተር ቤንዚኑን ከልክ በላይ ያበዛል። የተረፈው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፤ ወደ ታች ወርዶም ዘይቱን ያቀጥናል። በአነስተኛ ዤት ያልተስተካከለ ካርቡራተር አዲሱን ፋሻ ሳይቀመጥ ያሳልቀዋል። ስለዚህ በደጋ ከተማ የዤት መለወጥ የሞተር እድሳቱ አካል ነው።

ቴስታታ፣ ቫልቭና ካም

ሳይለካ፣ ሳይታይ፣ ያለ ክርክር የሚጣል አንድ ዕቃ ቢኖር የጭስ መውጫው ቫልቭ ነው። ዘመኑን በሙሉ በቀይ ሙቀት ውስጥ የኖረ ነው፤ ድካሙ በዓይንም በማይክሮሜትርም አይታይም። ሲሰበር አናቱ ፒስተኑን ይመታል፣ ቴስታታውን ይበሳል፤ በዚያ ቅጽበት የእድሳቱ ወጪ በሙሉ ይጠፋል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር ለዚህ የተጋለጠ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1970 ድረስ በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው የአየር መንገድ መሐል ስለነበር፣ ያ ሲሊንደር የሚደርሰው የተጋረደና አስቀድሞ የሞቀ አየር ነበር። ለ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣው የራሱ የአየር መውጫ ተሰጥቶት ከዚያ የአየር መንገድ ወጣ። ይህን የኋለኛውን አሠራር በቀድሞ ሞተር ላይ መግጠም ይቻላል፤ ሰፋ ያለ ማራገቢያውንና ላሜራዎቹን ግን አብሮ ይጠይቃል። ገንዘብ ካለ ከትልቅ ፒስተን ይልቅ ለዚህ ቢወጣ ይሻላል።

የአየር መግቢያው ቫልቭ ቀዝቃዛ ኑሮ ስላለው ተለክቶ፣ አንገቱ ካልሳሳ፣ ተሞርዶ ይመለሳል። ጋይዶቹ በአብዛኛው አልቀው ነው የሚገኙት፤ ቫልቩ ተነሥቶ አናቱ ወደ ጎን ሲወዛወዝ ከ0.8 ሚሊ ሜትር ካለፈ ይለወጣሉ። ሞላዎቹ በግፊት ይፈተናሉ፤ መፈተሻ በሌለበት ከአዲስ ሞላ ጎን ቆመው ያጠሩት ይጣላሉ።

ቴስታታው ራሱ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ ስንጥቁም በሁለቱ የቫልቭ መቀመጫዎች መካከል ወይም ከመቀመጫው ወደ ካንዴላው ቀዳዳ ይሄዳል። የተላቀቀ መቀመጫና ስንጥቅ አብረው ከተገኙ ቴስታታው ይለወጣል። የተበላ የካንዴላ ጥርስ ብቻ ከሆነ በብረት እጅጌ በቀላሉ ይታረማል፤ ለዚህ ብሎ ቴስታታ መጣል ብክነት ነው። ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ፊት በጋዝ ተበልቶ ከሆነ በማሽን ይላጫል። መላጨቱ የቃጠሎውን ክፍል ያጠበዋል፤ ለ1600 ሞተር 7.5 ለ1 የነበረው የመጭመቂያ ንፅፅርም ከፍ ይላል። በመሆኑም ከተላጨ በኋላ ክፍሉ በሲሪንጅ ፈሳሽ ተሞልቶ ይለካል፤ ልዩነቱም በሲሊንደሩ ሥር በሚገባ ስስ ቀለበት ይካካሳል።

ካምሻፍትና ታፔቶች አንድ ላይ የኖሩ ስለሆኑ አንድ ላይ ይወሰንላቸዋል። የታፔቱ ፊት በጥቂቱ ወደ ውጭ የጎበጠ መሆን አለበት፤ ጠፍጣፋ ወይም ጎድጓዳ ከሆነ ካሙንም ይበላል። አዲስ ካም ላይ አሮጌ ታፔት በፍጹም አይገባም። አሮጌ ካም ጤነኛ ከሆነና ታፔቶቹም እያንዳንዳቸው በቀድሞ ቦታቸው ከተመለሱ ግን እንዳሉ ያገለግላሉ። በመፍታት ጊዜ ታፔቶችን በቁጥር የማይለይ ሠራተኛ ይህን ምርጫ ያሳጣል።

ያለ ውይይት የሚቀየረውና የሚረሳው

ከብሮንዚናና ከጭስ መውጫ ቫልቭ ሌላ ያለ ልኬት የሚቀየሩት ጓርኒሲዮኖች፣ የዘይት ማተሚያ ጎማዎች፣ የፑሽሮድ ቱቦዎች ጎማና የዘይት ማቀዝቀዣው ጎማዎች ናቸው። ቱቦዎቹ ራሳቸው ካልዛጉ ይመለሳሉ፤ ከ1300 እስከ 1600 ላሉት ሞተሮች ርዝመታቸው ከ190 እስከ 191 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ጫፋቸው በእጅ ይሳባል። አሮጌ የቤንዚን ጎማም ይጣላል፤ የቮልስ ቃጠሎ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከደረቀ የቤንዚን ጎማ ነው።

የዘይት ፓምፑ ጥርሶች ከክዳኑ ጋር ያላቸው ክፍተት ከ0.1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ክዳኑ ላይ ክብ ቦይ ተቆርጦ ከሆነ በመስተዋት ላይ በተዘረጋ ሸካራ ወረቀት ሊስተካከል ይችላል፤ ጥርሶቹ አልቀው ከሆነ ፓምፑ ይለወጣል። ብሮንዚና ቀልጦ ወይም ቫልቭ ተሰብሮ ከነበረ አሮጌው የዘይት ማቀዝቀዣ አይመለስም። በውስጡ የቀረውን የብረት ፍርፋሪ ማንም አያወጣውም፤ ሞተሩ ሲነሣ በቀጥታ ወደ አዲሶቹ ብሮንዚናዎች ይልከዋል። ሞተሩ ከወንፊት በቀር የዘይት ማጣሪያ ስለሌለው፣ ቀፎው ለማሽን ሥራ በተከፈተበት ጊዜ የውጭ ማጣሪያ የሚገጠምበትን ቀዳዳ ማስከፈት ከሁሉም ተጨማሪ ሥራዎች የበለጠ ዕድሜ ይሰጣል።

የአየር መሪ ላሜራዎች ተፈትተው ጋራዡ ጥግ ከተጣሉ በኋላ ብዙዎቹ አይመለሱም። ሲሊንደሮቹን ከሥር የሚያቅፉት፣ የሞቀውን አየር ከሞተሩ ክፍል የሚለዩት፣ በዳር የሚያትሙት ጎማዎች፣ ሁሉም የማቀዝቀዣው ሥርዓት ናቸው። አንዱ ሲጎድል ማራገቢያው የጭስ ቧንቧና የማርሚታ ሙቀት የነካውን አየር መልሶ ይስባል። ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የሚከፍተው ቴርሞስታትም አብሮ ይመለስ፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ በሞቀ ቁጥር ሲሊንደሩ የሚያልቀው በብርድ ነውና። በአቧራማ መንገድ የሚነዳ መኪና የዘይት ገንዳ ያለበትን የድሮውን የአየር ማጣሪያ ይዞ ይቆይ፤ አምሮ በሚታይ ትንሽ ማጣሪያ መለወጥ አዲሱን ፋሻ በአሸዋ ማስፈጨት ነው።

ገንዘብ ሲያንስ

በቂ ገንዘብ በሌለበት ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ልኬት፣ ቀጥሎ የቀፎው ማሽን ሥራና ብሮንዚናው፣ ከዚያ የጭስ መውጫ ቫልቮችና ጋይዶች፣ ከዚያ የዘይት ፓምፕና ማጣሪያ፣ በመጨረሻ ፒስተንና ሲሊንደር። የመጨረሻው የሆነው ስለማያስፈልግ ሳይሆን በኋላ ለብቻው ሊለወጥ ስለሚችል ነው፤ ብሮንዚና ግን ቀፎው ሳይከፈት አይገባም። ውጭ ካለ ዘመድ ዕቃ ሲታዘዝም በሻንጣ የሚገባውና የሚያዋጣው ቀላሉ ነው፦ ልኩ ተጽፎ የተሰጠ የብሮንዚና ስብስብ፣ አራት የጭስ መውጫ ቫልቮች፣ የጎማና የጓርኒሲዮን ስብስብ። ከባዱን ሲሊንደር ማሸከም በአገር ያለው አሮጌ ሲሊንደር ተለክቶ ከወደቀ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

አዲስ ካምና ታፔት የገባለት ሞተር ሲነሣ በዝግታ አይተውም፤ ለሃያ ደቂቃ በደቂቃ ከ1,500 እስከ 2,000 ዙር ይያዛል። ከቀዘቀዘ በኋላ የቫልቮቹ ክፍተት ይስተካከላል፤ ለኋለኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። የመጀመሪያው 2.5 ሊትር ዘይት 500 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ይፈሳል፣ ወንፊቱም ይታያል። ንጹሕ ከሆነ ሞተሩ ሥራውን ይቀጥላል፤ ግራጫ ብልጭታ ከታየበት መኪናው ሳይነዳ ቀፎው እንደገና ይከፈት።